ግላይሲን፦ ከቆሮሶ ቆዳ ወይስ ከዱቄት?

ጣና ዳር የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ተገፍፎ ይሸጣል፤ ቆዳና ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ ይጣላል። ግላይሲን (ከፕሮቲን መሥሪያዎቹ ከአሚኖ አሲዶች አንዱ) የበዛው ግን እዚያ ነው፤ ቆዳና አጥንትን በሚያጠነክረው ፕሮቲን፣ በኮላጅን ውስጥ ከ3 አሚኖ አሲድ 1ዱ ገደማ ግላይሲን ነውና። ቆዳውንና ጭንቅላቱን ሾርባ ስታደርጉ ስንጥቡን (የዓሣውን መተንፈሻ) አውጡ፣ አለዚያ ሾርባው ይመራል። በለስላሳ እሳት 1 ሰዓት ያህል ቀቅሉ፤ የሚንተከተክ ከሆነ ይደፈርሳል። ፍሪጅ አድሮ እንደ ጄሊ ካልረጋ ውኃ አብዝታችኋል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የግላይሲን ዱቄት ይጣፍጣል፣ ቶሎ ይሟሟል፣ ዋናው ብልጫው ግን መለካቱ ነው፦ በእንቅልፍ ጥናቶች ከመኝታ በፊት የተሰጠው 3 ግራም ነበር። በሾርባ ጭልፋ ይህን ማወቅ ዘበት ነው።

ለሄም (ደምን ቀይ ለሚያደርገው)፣ ለክሬቲን (ለጡንቻ ጉልበት ለሚረዳው) እና ለግሉታታዮን (ሴሎችን ከጉዳት ለሚጠብቀው) የሚያስፈልገውን ግላይሲን ሰውነት በከፊል ሴሪን ከተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ራሱ ይሠራል። ስለዚህ ለጤነኛ ሰው ሾርባው ይሻላል፣ ርካሽም ነው። ብቻ ጄላቲን (ኮላጅን ሲቀቀል የሚሆነው፣ ሾርባውን የሚያረጋው) ሰውነት ራሱ የማይሠራው አሚኖ አሲድ ትሪፕቶፋን ስለሌለው የዓሣውን ሥጋ ወይም ሽሮውን አይተካም።