መጽሐፌን ከደብተር አውጥታ ለአንባቢ ላበቃች የደብረ ብርሃን እኅታችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ወዳጆቼና የአገሬ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፈው ለአንዲት እኅታችን የሚገባትን ምስጋና በአደባባይ ላቀርብ ነው። እግረ መንገዴንም በራሱ ወጪ መጽሐፍ ለማሳተም የሚያስብ የሰሜን ሸዋ ሰው ሁሉ እንዲያውቃት እፈልጋለሁ። ስለ ጓሳ ከመንዝ አባቶችና እናቶች አፍ የሰበሰብኩት መጽሐፍ ታትሞ እጃችሁ የገባው በእሷ ብርታት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የገጽ ቅንብርና ኅትመት የማስተባበር ሥራ የምትሠራባት ጠባብ ክፍል አለቻት። የራሷ ማተሚያ ማሽን የላትም፤ ጽሑፉን አሰናድታ፣ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አስገብታ፣ አስጠርዛ ታመጣለች።

መጽሐፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጓሳ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ያለው ውርጫማ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ሕዝቡ በራሱ ደንብ ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ ይጠብቀው ነበር። ያንን ደንብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እያለፉብን ነው። እነሱ አምነው የሰጡኝን ቃል ለማንም አሳልፌ እንዳልሰጥ የተጠነቀቅሁትም ለዚሁ ነው።

ከእሷ በፊት አንድ የማሳተም አገልግሎት እሰጣለሁ የሚል ድርጅት አነጋግሬ ነበር። ያቀረቡልኝ ውል ወጪውን በሙሉ እኔ እንድሸፍን፣ የማሳተም መብቱ ግን ለዓመታት እነሱ ዘንድ እንዲቆይ ይላል። የተሰናዳው ፋይልም የእነሱ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ደራሲው ሆኖ ሳለ መብቱ ከእጁ የሚወጣበት ምክንያት አልታየኝምና ሳልፈርም ተመለስኩ። ለእኅታችን ይህንኑ ስነግራት የራሷን ውል አውጥታ አንቀጹን በጣቷ እያሳየች አነበበችልኝ፦ የቅጂ መብቱ የደራሲው ነው፤ ክፍያው ሲጠናቀቅ ሊስተካከል የሚችለው ዋናው ፋይልና ፒዲኤፉ፣ የሽፋኑም ጭምር፣ ለደራሲው ይሰጣል። «ጋሼ፣ ነገ በሥራዬ ቢከፉ ፋይልዎን ይዘው ሌላ ጋ ማሳተም መቻል አለብዎት» አለችኝ። እዚያው ፈረምኩ።

የዋጋ ማቅረቢያዋም ግልጥ ነው። ጽሕፈቱ፣ የገጽ ቅንብሩ፣ ሽፋኑ፣ ወረቀቱ፣ ኅትመቱ፣ ጥረዛው፣ ማጓጓዣው እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፏል። አንድ ጥቅል ዋጋ ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀቱ ስንት ግራም እንደሆነ፣ ጥረዛው በሙጫ ብቻ ይሁን በክር ጭምር ጠይቁ። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ ሙጫው ካልጠነከረ ሲገልጡት ቅጠል ቅጠሉ ይወልቃል። የወረቀት ዋጋም ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ የሰጠችኝ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና ከታች ቀኑን ጽፋበት ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ስለ ኮፒው ብዛት ባደረገችው ነገር ነው። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ባሳተማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይረክሳል ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። በኦፍሴት፣ ማለትም በትልቁ የማተሚያ ማሽን ሲታተም፣ የፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት ሰሌዳ) እና የማሽን ማሰናጃው ወጪ ለመቶም ለሺህም ያው ስለሆነ፣ ለብዙ ኮፒ ሲካፈል ያንሳል። እሷ ግን ቁጥሩን ከመናገሯ በፊት «ይህን መጽሐፍ ማን ማን ይገዛዋል? ስም ይጥሩልኝ» ብላ ወረቀት አወጣች። ተቀምጠን ጻፍን። አዲስ አበባ ያሉ የመንዝ ተወላጆች፣ የአካባቢው መምህራን፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያጠኑ ልጆች፣ ጓሳን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን የሚያጅቡ ወጣቶች፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች። ከእያንዳንዱ ወገን ማን ሊያዳርስልን እንደሚችል አጠገቡ ጻፈች። ከዚያ ነው ቁጥሩ የወጣው፤ ቁጥሩም ማተሚያ ቤቱ ከሚመክረው በብዙ ያነሰ ነበር። ብዙ ኮፒ ባሳትም የእሷም ድርሻ ይጨምር እንደነበር አስቡ። «አልጋ ሥር የተቀመጠ መጽሐፍ ሲታተም ቢረክስም ውድ ነው፤ ካለቀ እንደግመዋለን» ነው ያለችኝ። በጣም ጥቂት ኮፒ ለሚፈልግ ደግሞ ፕሌት የማያስፈልገው የዲጂታል ኅትመት እንደሚያዋጣ ራሷ ትነግረዋለች።

የእጇን ጥራት አንድ ሁለት ነገር ላይ ላሳያችሁ። ጽሑፌ ከፊሉ በድሮው ፓወር ግዕዝ፣ ከፊሉ በየኮምፒውተሩ በሚነበበው በዩኒኮድ የተጻፈ ነበር። የድሮው ፊደል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ ከመለሰች በኋላ እያንዳንዱን ገጽ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። አራት ነጥቡንም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የጻፍነው ቦታ ሁሉ በትክክለኛው በአንዱ ምልክት ተተካ። አለበለዚያ ዓረፍተ ነገሩ መስመር ጫፍ ላይ ሲያልቅ ነጥቡ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል። ብዙ መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ፤ ዓይን ይወጋል።

ሌላው የገጹ ነገር ነው። ሲቀናበር 163 ገጽ መጣ። በማሽኑ ትልቅ ወረቀት ላይ ፊትና ጀርባው ሲታተም 16 የመጽሐፍ ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ 160 ገጽ አሥር ወረቀት ሲሆን፣ ለትርፏ ሦስት ገጽ ሌላ ወረቀትና ሌላ ፕሌት ይጠየቃል። እሷም አንድም ቃል ሳትቀንስ፣ ምዕራፍ መግቢያ ላይ የነበረውን ባዶ ቦታ ጠበብ አድርጋ 160 ላይ አሳረፈችው። የሽፋኑ ሥራ የተጨረሰው ወረቀቱ ከተመረጠ በኋላ ነው፤ ርእሱ የሚጻፍበት የመጽሐፉ ጎን ውፍረት የሚታወቀው በወረቀቱ ነውና። ሽፋን ላይ ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ ፈጽሞ አታስገባም። የእኔን ፎቶ ያነሣው የጓሳ ልጅ ነው፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀብላ ስሙን ውስጥ ገጽ ላይ አስፍራለታለች።

አይ ኤስ ቢ ኤኑን ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር ከምንለው፣ ያወጣነው በእሷ መሪነት ነው። ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ነው፤ 978 ብሎ ይጀምርና የአገራችን መለያ 99944 ይከተላል። ይህ ቁጥር የመጽሐፉ መታወቂያ እንጂ የመብት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ያስረዳችኝም እሷ ናት። መብቱን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ የደራሲውን ዕድሜና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይሸፍናል። ማስመዝገብ ለሚፈልግ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አለለት፤ ለክርክር ማስረጃ ይሆናል።

ስለ ሽያጩ ብዙ ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ አጭር ታሪክ እየመረጥን በፌስቡክና በቴሌግራም አወጣን፤ ከሥር «ሲታተም የምትፈልጉ ስማችሁን አስመዝግቡ» የሚል መስመር ነበር። ብዙ ሰው አስቀድሞ በቴሌብር ከፈለ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ላከችለት። የኅትመቱ ወጪ ግማሽ ያህሉ የተሸፈነው ከዚሁ ነው። የሽፋኑን ዋጋ የወሰንነው የአከፋፋዩን ድርሻ አስቀድመን አስበን ነው። አከፋፋዮች ከመቶ ሠላሳ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይይዛሉ፤ መጽሐፉንም በአደራ ወስደው የሚከፍሉት ሲሸጥ ነው። አዟሪዎቹ ጋ ያደረሰችው በትንሽ በትንሹ ነው፤ እነሱ ሲጨርሱ ይደውሉላታል። አስተያየት እንዲጽፉ ለምንፈልጋቸው ሰዎች የታተመውን ኮፒ ሰጠን እንጂ ፒዲኤፉ ለማንም አልተላከም። በቴሌግራም የሚሠራጨውን ታውቁታላችሁ፤ የስንቱን ደራሲ ልፋት እንደበላ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ምርቃቱንም አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ አላደረግነውም። «ቃሉን የሰጡት ሰዎች ያሉበት ይሁን» አለችና መሐል ሜዳ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። አባቶችና እናቶች ከፊት ተቀመጡ። አንድ አባት የልጅ ልጃቸው የራሳቸውን ቃል ከመጽሐፉ ሲያነብላቸው እጃቸውን አነሡና «እዚህ ላይ የቀረ ነገር አለ፤ ሣሩ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚያጭደው ማን እንደሆነ አልተጻፈም» አሉ። እሷ ወዲያው ማስታወሻዋን አውጥታ ያሉትን ቃል በቃል ጻፈች። ለሁለተኛው ኅትመት ተይዟል። በዚያ ቀን ይዘን የሄድነው ኮፒ በሙሉ አለቀ።

አስቀድማችሁ ልታውቁ የሚገባ ነገርም አለ። ብቻዋን ስለምትሠራ ወረፋ ትይዛለች፤ ለበዓል ይድረስልኝ የሚል ሰው ወራት ቀደም ብሎ ያናግራት። አርትዖት አትሠራም። «የራሴን ቅንብር ራሴ ባርመው ስሕተቱ አይታየኝም» ብላ ለሌላ ባለሙያ ትልካለች፤ የእሱ ክፍያ ለብቻው ነው። እያንዳንዱን ገጽ አንብባችሁ «ይታተም» ብላችሁ ካልፈረማችሁም ወደ ማተሚያ ቤት አታስገባም። ሲጣደፉ ይህ ሊያስመርር ይችላል፤ እኔ ግን የወደድኩላት አንዱ ይኸው ነው።

እኅቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የመንዝ አባቶችም ምርቃታቸውን ልከውልሻል።

ስልኳን እዚህ አደባባይ ላይ ማውጣቱን አልወደደችውም። የተዘጋጀ ጽሑፍ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ጽሑፉን በፍላሽም በወረቀትም ያዙ፤ ማን ይገዛዋል ለሚለው ጥያቄዋ ስም እያሰባችሁ ሂዱ።