ሞላ ያለው ካተር በኮምቦልቻ መጋዘን፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ኮምቦልቻ ባለው መጋዘናችን ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ተቀብለን ወደ ደሴ፣ ሐይቅና ባቲ እናከፋፍላለን። ካርቶን የምንከፍተው ምላጩ ሲዶለዱም ጫፉ እየተሰበረ በሚጣለው ተራ ካተር ነበር። ጃፓኖች ይህን ምላጭ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሲያወጡት ወረቀት ለሚቆርጥ ሰው አስበው ነው፤ ለዚያ ሥራ ሸጋ ነው። ዱቄት አጠገብ ግን የተሰበረችው ቁራጭ የት እንደወደቀች የሚያይ የለም። የዳቦ ቤቱ ወንፊት ካላገኛት የሚያገኛት ጥርስ ነው። ቢአርሲ የሚባለው የምግብ ደኅንነት ደረጃም ተሰባሪ ምላጭን ይከለክላል።

አዲሱ ካተር ምላጩ አንድ ወጥ ነው፤ አውራ ጣት መግፊያውን ሲለቅ ሞላው ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ለካርቶን፣ ለስኮችና ለፓሌት መጠቅለያ ላስቲክ እንከን አላወጣለትም። ከዚህ የሚወደድ ሌላ ዓይነት አለ፤ ምላጩ ካርቶኑን ቆርጦ እንደወጣ፣ ጣት መግፊያው ላይ ቢሆንም ይገባል። አቅም ያለው እሱን ይግዛ፤ የእኛ ዓይነት ይታለላልና። አንዱ ልጅ መግፊያውን በስኮች አስሮ ምላጩን እንዳወጣ ሲሠራ ደረስኩበት። «አብሽር፣ ጋሼ፣ አይቆርጠኝም» አለኝ። ስኮቹን ራሱ እንዲፈታው አደረግሁ።

ለስኳርና ለዱቄት ማዳበሪያ ግን ይህን ካተር አትግዙ፤ ጨርሶ ካተር አታስጠጉት። የማዳበሪያ አፍ በማሽን የሚሰፋው በሰንሰለት ስፌት ነው፤ ስፌቱ ያለቀበትን ጫፍ ይዘው ትክክለኛውን ክር ቢስቡት ጥርርር ብሎ እስከ ዳር ይተረተራል። ከተሳሳተው ጫፍ ከጀመሩ ይቋጠራል፤ ያኔ ነው ሰው ተናዶ ስለት የሚያነሳው። የተቀደደ ማዳበሪያ ስኳር ያፈስሳል፤ ባዶውንም ማንም በደህና ዋጋ አይገዛም። ሠራተኞቹን ያሳመናቸው ይኸው ነው እንጂ የደኅንነት ምክሩ አይደለም፤ የባዶ ማዳበሪያ ሽያጭ ለእነሱ ነው።

ያማረረን ነገር የሞላው መጣበቅ ነው። የስኳር ብናኝ ከእጅ ላብ ጋር ሲገናኝ ሙጫ ይሆናል፤ ምላጩም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃዋል፣ ቶሎ ቶሎ ከሆነ። የማሽን ዘይት አታስነኩት፤ ከምላጩ ወደ ዕቃው ይሄዳል። መለዋወጫ ምላጩ ደግሞ ደሴ ፒያሳ ዞረን አጥተነው ከመርካቶ ነው የምናስመጣው።

አካሉ ሰማያዊ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ምግብ ስለማይኖር ቢወድቅ ቶሎ ይታያል። ፕላስቲኩ ብረት ጠቋሚ ማሽን እንዲያገኘው ተደርጎ ተሠርቷል፤ ይህ ለፋብሪካ ነው፣ እንደኛ ማሽኑ ለሌለው ዋጋ መጨመሪያ ብቻ። የሴራሚክ ምላጭም አለ፤ አይዝግም፣ ሲሰበር ግን ብረት ጠቋሚ አያየውም።

ካተሩን ለጫኝና አውራጅ አንሰጥም፤ ዛሬ የመጣው ነገ ሌላ ቦታ ነው። ቁጥር የተጻፈባቸውን ካተሮች ጠዋት ፈርመው የሚወስዱት ቋሚ ሠራተኞች ናቸው፤ ማታ ሲመልሱ ምላጩ ብርሃን ላይ ይታያል። ጫፉ ጎድሎ ከተገኘ የተከፈተው ዕቃ ሁሉ ይለያል። አይሱዙው ሞተር አስነስቶ ቢጮህም ቁራጯ ሳትገኝ ያ ዕቃ አይጫንም። ሾፌሮቹ በዚህ በጣም ይነጫነጫሉ።

ያለቀውን ምላጭ ክዳኑ በተሰነጠቀ የወተት ጣሳ ውስጥ እናጠራቅማለን። ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ካርቶኑን ቆራሌው ነው የሚወስደው፣ እጁንም ከትቶ ነው የሚለቅመው። ጣሳው ሲሞላ አፉ በስኮች ይታሸግና ለብቻው ይወገዳል።