ክኒን ለምትቆጥረው ነርስ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አባቴን ኅዳር ላይ ልባቸውን መታቸው። የተዘጋው የደም ሥር በስቴንት (ሥሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ተከፈተ፤ በሳምንታቸው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ዘመድ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» እያለ ሲገባና ሲወጣ ሰነበተ። እኛም ነገሩ ያለቀ መሰለን። በተሰጠን የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀት ላይ 38 የሚል ቁጥር ነበረ። ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳን የለም፤ እኛም ሳንጠይቅ መሳቢያ ውስጥ ከተትነው።

ይህን የምጽፈው በልብ ክትትል ክሊኒክ ስለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። በሁለተኛው ወር ቀጠሮ መጀመሪያ የጠየቀችው የመድኃኒቱን ከረጢት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ፍሬ በፍሬ ቆጠረች። ኢናላፕሪል የተባለው የልብ ክኒን ከሚገባው በላይ ተርፏል። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን «ምን አስቸገረዎት አባባ?» ብቻ አለቻቸው። ለእኛ ያልነገሩንን ለእሷ ነገሯት፦ ክኒኑን ሲውጡ ደረቅ ሳል ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሣቸዋል። እናቴ ያን ሳል በማርና በዝንጅብል ስታክም ከርማለች!

ሳሉ የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ መሆኑን ነግራን ወረቀቱን ገለበጠችና እንቁላል ሣለች። ጤነኛ የግራ ልብ ክፍል ቅርጹ ወደዚህ ያደላል። ደም አጥቶ የሞተው ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም። የተረፈው ጡንቻ የእሱንም ሥራ ደርቦ ሲገፋ ግድግዳው እየሳሳ፣ ክፍሉ እየሰፋ ይሄዳል። ከእንቁላሉ አጠገብ ብርቱካን ሣለች። «ክኒኑ የሚሰጥዎት ይህኛው ያንን እንዳይሆን ነው» አለቻቸው። 38 ማለት ክፍሉ ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚረጨው በመቶኛ ነው፤ የጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ55 በላይ ነው። ከ35 በላይ አልወጣ ካለ የልብ ምት ድንገት ተዛብቶ ሊገድል ስለሚችል፣ ደረት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ይታሰባል። እኛ ድንገት የሚመታውንም፣ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣውንም «የልብ ድካም» እያልን አንድ አድርገናቸው ኖረናል።

ከዚያ ራሷ ይዛቸው ወደ ሐኪሙ ገባች፤ መድኃኒቱ በሎሳርታን ተተካ፣ ሳሉም ተወ። ሚዛን አስገዛችን። አባቴ በየጠዋቱ፣ ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት ይመዘናሉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ሰውነታቸው ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመጣ ነው ትእዛዟ። የዐቢይ ጾም ጭቅጭቅ ሲነሣ ደግሞ አልተከራከረችም፤ «የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ይምጡ» አለች። እሳቸውም ክኒኑን በሰዓቱ እንዲውጡ ፈቀዱላቸው።

በሚያዝያ የተነሡት ኤኮ 46 አሳየ። የሐኪሞቹን ውለታ አልዘነጋሁም፤ እኔ ግን ከዚህ ቁጥር ግማሹን ለዚያ ጠረጴዛ እሰጣለሁ።

ስሟን እንዳልጽፍ ከልክላኛለች። ልቡ የተመታ ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ክሊኒኩን እጠቁማችኋለሁ። ስትሄዱ ከረጢታችሁን አትርሱ፤ ትቆጥራለች።