ስም ያልተሰጠው መስመር በሌጀንድ ላይ ምን ይባል? የግራፍ ሶፍትዌሮች ግምገማ

ተጠቃሚው ለመስመሮቹ ስም ሳይሰጥ ሌጀንድ (የትኛው መስመር ምን እንደሚያሳይ የሚገልጸው የግራፉ ሳጥን) እንዲወጣለት ሲያዝ ሶፍትዌሩ ምን መጻፍ አለበት? በሥራ ላይ በብዛት የሚገኙትን የግራፍ መሣሪያዎች በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ስመዝናቸው ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የከፋው የፈጠራ ስም ነው። ኤክሴል የዓምድ ርዕስ ካላገኘ «ሲሪስ1»፣ ማትላብ «ዳታ1»፣ ፕሎትሊ ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ ቆጥሮ «ትሬስ 0» ብለው ይጽፋሉ። እነዚህ ስሞች ስለ መረጃው አንዳች ነገር ሳይናገሩ ግራፉን ያለቀለት ስለሚያስመስሉት፣ ጉድለቱ ሳይታይ እስከ ኅትመት ይደርሳል። ማትላብ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሌጀንዱን በራሱ ስለሚያድስ፣ ሁለት መስመሮችን በሚገባ ሰይሞ የጨረሰ ሰው አማካዩን የሚያሳይ አንድ ረዳት መስመር ሲጨምር፣ ከሁለቱ ስሞች ሥር «ዳታ1» የሚል ሦስተኛ ስም ያገኛል። ይህን ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ማጥፊያው መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል።

ግኑፕሎት የተሰጠውን ትእዛዝ ራሱን ይጽፋል። ለሒሳብ ቀመር ይህ እጅግ ተስማሚ ነው፤ የሳይን ኩርባ የቀመሩን ስም ይዞ ይወጣል። መረጃው ከፋይል ሲነበብ ግን የፋይሉ ስምና የዓምዶቹ ቁጥር በሌጀንዱ ላይ ይሰፍራሉ። በፋይሉ ስም ውስጥ የግርጌ ሰረዝ (_) ካለም ተከታዩ ፊደል ዝቅ ብሎ ሊታተም ይችላል። እንዲህም ሆኖ አንባቢውን ወደ መረጃው ምንጭ ስለሚመራ ከፈጠራ ስም እመርጠዋለሁ። የመጀመሪያውን ረድፍ እንደ ርዕስ እንዲወስድ ማዘዝም ይቻላል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የፓይተን ቋንቋ የግራፍ መሣሪያ ማትፕሎትሊብ የተሻለውን መንገድ ይከተላል። ላልተሰየመ መስመር በግርጌ ሰረዝ የሚጀምር የውስጥ ስም ይሰጠዋል፤ ሌጀንዱም እንዲህ ያሉትን ስሞች ይዘላል። አንድም የተሰየመ መስመር ከሌለ ባዶ ሳጥን አስቀምጦ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ባዶው ሳጥን ወዲያው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ማንም አይቶ አያልፈውም። ክፍተቱ ያለው ከሦስት መስመሮች ሁለቱ ብቻ ሲሰየሙ ነው፤ ሦስተኛው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከሌጀንዱ ይቀራል። ተጠቃሚው ሆን ብሎ በሰረዝ የደበቀውን መስመር መዝለል ተገቢ ነው፤ ሶፍትዌሩ ራሱ በሰረዝ የሰየመውን ግን ከእርሱ ለይቶ ቢያስጠነቅቅ ከሌሎቹ ሁሉ በግልጽ ይበልጥ ነበር። ስሞችን በዝርዝር ሰጥቶ በመስመሮቹ ቅደም ተከተል እንዲያያዙ ማድረግን ደግሞ የመመሪያ ሰነዱ ራሱ አይመክርም፤ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ሲቀየር ስሞቹ ወደ ሌላ መስመር ይዞራሉና።

ስሙን ከመረጃው የሚወስዱት ሁለቱ፣ የፓይተኑ ፓንዳስና የአር (R) ቋንቋው ጂጂፕሎት2፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ ከሁሉም ይመቹኛል። ጂጂፕሎት2 በሌጀንዱ ራስጌ ላይ የተለዋዋጩን ስም፣ አንዳንዴም በኮዱ ውስጥ የተጻፈውን ቀመር እንዳለ ስለሚያስቀምጥ ከኅትመት በፊት መስተካከል ይኖርበታል። ፓንዳስ የዓምዱን ርዕስ እንዳለ ወደ ሌጀንዱ ያመጣል፤ ዓምዶቹ ርዕስ ከሌላቸው ግን 0፣ 1፣ 2 የሚሉ ቁጥሮችን ስለሚጽፍ፣ ርዕሶቹን ፋይሉ በሚነበብበት ጊዜ መስጠት ይበጃል።