የ2005ቱ መስታንግ ወይስ ፖርሽ 911፦ የድሮ መልክ እንዴት ይታደስ?

ስመ ጥር ስፖርት መኪና ሲታደስ አንዱ አማራጭ የድሮውን መልክ መልሶ ማምጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሞዴሉ ፎርድ መስታንግ ያደረገው ይህንን ነው። ወደ ፊት ያጋደለው አፍንጫ፣ ክቦቹ የፊት መብራቶች፣ ከኋላ በየጎኑ ሦስት ሦስት ቀጥ ያሉ መብራቶች፤ ሁሉም ከ1960ዎቹ የመጡ ናቸው። ሲያዩት በእውነት ልብ ይሰርቃል። ግን ትዝታው አንዴ ከተሸጠ በኋላ ቀጣዩ ሞዴል ምን ይምሰል? የ1955ቱን መልክ ይዞ የተመለሰው ፎርድ ተንደርበርድ ለዚህ መልስ አላገኘም። በ2002 ሞዴል ጀምሮ በ2005 ምርቱ ቆመ።

ፖርሽ 911 ደግሞ ከ1963 ጀምሮ ቅርጹን ጥሎ ስለማያውቅ መመለስም አላስፈለገውም። ጣሪያው ሳይቆራረጥ እስከ ኋላ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሞተሩም ያው ከኋላ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሞተሩ ከአየር ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ ተቀየረ፤ የፊት መብራቱም ከፍሬቻው ጋር ተዋሃደ። ወዳጆቹን ይበልጥ ዓይን ዓይናቸውን የወጋቸው መብራቱ ነበር። በ2004 የድሮው ክብ የፊት መብራት ተመለሰ።

እኔ ያለ ማመንታት የ911ን መንገድ እመርጣለሁ። መስታንግ ራሱ በ2015 ሞዴሉ ወደዚያው ቀርቧል፤ ሦስቱን የኋላ መብራቶች ይዞ ሌላውን አካል ዝቅና ሰፋ አድርጎ አዘምኖታል።