ቢጫው ወይስ ሰማያዊው? ለሁለት ሕንፃ ፋይበር ለምትገዙ

ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም መጋዘን ያላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ "ሁለት ሕንፃ በፋይበር ላገናኝ ነው፣ ሲንግል ሞድ ልግዛ ወይስ መልቲሞድ?" ፋይበር ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ነው፤ በሲንግል ሞድ ብርሃኑ በአንድ ቀጭን መንገድ ይሄዳል፣ በመልቲሞድ በብዙ መንገድ። ሲንግል ሞድ ግዙ። ቢጫውን፤ ሰማያዊው መልቲሞዱ ነው።

መልቲሞድ የሚገዛ ሰው "ይረክሳል" ተብሎ ነው። የሚረክሰው ግን ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶች የሚገናኙበት ሳጥን) ላይ የሚሰካው ኤስኤፍፒ (ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ) እንጂ ገመዱ አይደለም። ገመዱማ በሜትር ሲሰላ ኦኤም 3 (አንዱ የመልቲሞድ ደረጃ) ከሲንግል ሞድ ይወደዳል። ኤስኤፍፒ ለአንድ መስመር ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የምትገዙት፣ ገመዱን ግን በመቶዎች ሜትር፤ ስለዚህ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር መልቲሞድ ኪሳችሁን እየጎዳ ይሄዳል። ደግሞ 1 ጊጋ (በሰከንድ 1 ጊጋቢት) ፍጥነት ላይ የኤስኤፍፒው የዋጋ ልዩነት ዛሬ ይህን ያህል የሚያወዛግብ አይደለም። ትልቁ ወጪ ቁፋሮው ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አያሰላውም።

አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሻጩ "ፋይበር ያው ፋይበር ነው" ብሎ ብርቱካናማ ገመድ ሸጦላቸዋል። ርቀቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው። በ1 ጊጋ ሲሠሩ ሰላም ነበር። ስዊቹን ወደ 10 ጊጋ ሲቀይሩ ሊንኩ አልነሳ አለ። ገመዱን ጠርገን ጽሑፉን ስናነብ 62.5/125 ይላል (የክሩ እምብርትና የውጭ ውፍረት በማይክሮን)፣ የድሮው መልቲሞድ፣ ኦኤም 1 ነው። በተለመደው የመልቲሞድ ኤስኤፍፒ 10 ጊጋ በዚህ ገመድ 33 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ኦኤም 3 ቢሆን 300፣ ኦኤም 4 ቢሆን 400 ሜትር። ሲንግል ሞድ ላይ 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኤስኤፍፒ እንደ ልብ ይገኛል። ሰዎቹ የተነጠፈውን ድንጋይ አስነስተው እንደገና አስቆፈሩ።

ቀለም አይታመንም። ኮፒ አምራች የፈለገውን ቀለም ይቀባል። ጽሑፉን አንብቡ፤ ሲንግል ሞድ 9/125 ወይም ኦኤስ 2 (የሲንግል ሞድ ደረጃ) ይላል። ሜትሩም ገመዱ ላይ ስለሚታተም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ራሳችሁ አቀናንሱ። ከሁሉ በላይ ገመዱ ሳይቀበር፣ ከነጥቅሉ፣ ስፕላይስ የሚሠራው (ፋይበሩን የሚቀጥለው) ባለሙያ በኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ በሚመለሰው ገመዱን የሚመረምር መሣሪያ) ይለካው። ርዝመቱንም፣ ውስጥ የተሰበረ ካለም ያሳያችኋል።

ፓች ኮርድ (ስዊቹን ከፋይበሩ ጫፍ የሚያገናኘው አጭር ገመድ) ላይም ተጠንቀቁ። ከቤት ኢንተርኔት የተረፈውን ባለ አረንጓዴ ጫፍ አምጥተው የሲንግል ሞዱ ሰማያዊ መሰኪያ ላይ የሚሰኩ አሉ። ይገባል፣ ግን የአረንጓዴው ጫፍ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተሞረደ ስለሆነ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ብርሃኑ ይባክናል።

ስዊቹን ማኔጅድ (በኮምፒውተር ገብታችሁ የምታዩትና የምታስተካክሉት) አድርጉት፣ ኤስኤፍፒውም ዲዲኤም (የብርሃኑን መጠን ራሱ የሚለካበት) ያለው ይሁን። የሚደርሰውን ብርሃን በዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ታያላችሁ። ቁጥሩ ከወር ወር እየወረደ ከሆነ ጫፉ ቆሽሿል ወይም ገመዱ የሆነ ቦታ ታጥፏል፤ መስመሩ ሳይቋረጥ ትደርሱበታላችሁ።

መልቲሞድ የምመክረው አንድ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ከራክ ወደ ራክ (ከአንዱ የመሣሪያ መደርደሪያ ወደ ሌላው) ሲሆን፣ ወይም ሕንፃው ውስጥ ደህና ኦኤም 4 ቀድሞ ከተዘረጋ ነው። እሱን አትንኩት።

4 ኮር (ገመዱ ውስጥ ያሉ የፋይበር ክሮች) የሚበቃችሁ ከሆነ 12 ግዙ፤ የዋጋው ልዩነት ከቁፋሮው ጋር አይወዳደርም። ባለሙያው የሁሉንም ኮር የኦቲዲአር ውጤት ሳያስረክባችሁ ደግሞ ቀሪውን ክፍያ አትልቀቁ።