ፊኛ፣ ጠመኔና ላስቲክ፦ ለደከመ ወላጅ የሚበጀው የትኛው ነው?

ቀኑን ሙሉ ሠርቶ፣ በታክሲ ሰልፍ ተንገላቶ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚደርስ ወላጅ ለልጁ ቴሌቪዥን ከፍቶ አረፍ ማለት ቢያምረው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም 60 ደቂቃው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲሆን፣ ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜም ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ ከሰፈር ሱቅ ወይም ከመርካቶ የሚገኙትን እነዚህን ሦስት ርካሽ ዕቃዎች የመዘንኳቸው ወላጁ ሳይነሣ ልጁን ማሯሯጥ በመቻላቸው ነው።

ፊኛ ሁለቱንም ያስከነዳል። ቀላል በመሆኑ አየሩ ስለሚይዘው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት ኳስ መቅለብ ያልለመደ ልጅ እንኳን ይደርስበታል። ወላጁ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «መሬት እንዳይነካ!» ብሎ በመዳፉ ወደ ክፍሉ ጥግ ገፋ ቢያደርገው ይበቃል፤ ልጁ አንጋጦ እየተከተለ፣ እየዘለለና እየሣቀ መልሶ ያመጣዋል። ጨዋታው ሲሰለች «አሁን በክርን ብቻ»፣ ቀጥሎም «በጉልበት ብቻ» ማለት እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። በክረምት፣ ዝናቡ ደጅ መውጣት በሚከለክልበት ወቅት፣ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ለበዓል የሚሸጡት ስስ ፊኛዎች እስኪወጠሩ ከተነፉ ቶሎ ስለሚፈነዱ ጎደል አድርጎ መንፋት ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ያልተነፋ ፊኛም ሆነ የፈነዳው ቁራጭ 8 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ሊያንቀው ስለሚችል፣ ቁራጩን ወዲያው ለቅሞ መጣል ግዴታ ነው።

ጠመኔ ሁለተኛ ነው። ሰኞ ማክሰኞውን ለመሣል አንድ ጊዜ ማጎንበስን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ወላጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መስመር የረገጠውን መዳኘት ብቻ ይቀረዋል። 4 ዓመት ያልሞላው ልጅ በአንድ እግር መዝለል ስለሚከብደው በሁለት እግሩ ቢዘል ሕጉን ማጥበቅ አያስፈልግም። ሥዕሉ የሚያምረው በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ በኮሪደር ልማቱ በተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ ግን አልሞክረውም፤ ማታ ማታ ከደንብ አስከባሪ ጋር ለመከራከር አቅም የለኝም።

ሱዚ የሚዘለልበት ላስቲክ ለትንንሾቹ ገና ነው፤ 6 ዓመት ገደማ ለሆናቸው ግን ይመቻል። አንዱን ጫፍ በከባድ ወንበር እግሮች ላይ፣ ሌላውን ወንበር ላይ የተቀመጠው ወላጅ በቁርጭምጭሚቶቹ ላይ አድርጎ ሻዩን እየጠጣ ማጫወት ይችላል። ላስቲኩን በሜትር ቆርጠው ከሚሸጡ የልብስ ስፌት ዕቃ ሱቆች መግዛት ያዋጣል፤ ቀጭኑ እግር ስለሚቆርጥ ሰፋ ያለውን መምረጥ ይገባል።